ከሉሲ ጀምሮ የሚጽፈው ሹፌር

ከድሩ ይማም የታሪክ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። የወደቀው ታሪክ ስለማያውቅ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተደነቀ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ በተዘረጋው አስፋልት ላይ ተሳቢ ከሚነዱት ሁሉ እንደ እሱ ታሪክ የሚያውቅ የለም፤ ይህን ጓደኞቹም፣ ሚስቱም፣ ያስተማሩትም ይመሰክሩለታል። ችግሩ ሌላ ነበር። ከድሩ የሚያውቀውን ሁሉ ካልተናገረ ዕረፍት የለውም።

የመጀመሪያው ፈተና ጥያቄ ለእሱ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። «የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ መዘጋቱ በምሥራቁ የንግድ መስመር ላይ ምን ለውጥ አመጣ? አብራራ» ይላል። ከድሩ በ1990 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ረዳት ነበር፤ ከአሰብ የወጡትን የመጨረሻ ጭነቶች በገዛ እጁ ሸራ አልብሷል። ጥያቄውን ሲያነብ በደስታ ሊጮህ ምንም አልቀረው። እስክሪብቶውን አነሳና ከሉሲ ጀመረ። ሉሲ የተገኘችው እዚሁ አፋር፣ ሐዳር ላይ ነው፤ እሷን ሳያነሱ ስለ አፋር መንገድ ማውራት ነውር መሰለው። ከሉሲ ወደ አክሱም ተሻገረ፤ የአዱሊስን ወደብ በስንት ዓይነት ሸቀጥ ሞላው፤ የአሞሌ ነጋዴዎችን ከነግመሎቻቸው አስነሳ። ፈታኙ «ሰዓት አልቋል፤ እስክሪብቶ አስቀምጡ» ሲል ከድሩ ዛጉዌዎች ዘንድ ደርሶ ላሊበላን ሊያነግሥ ነበር። አሰብን ሳያያት ወረቀቱ ተሰበሰበ።

በሁለተኛው ጊዜ «ቀርፋፋ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ራሱን አሳመነና ፍጥነት ተለማመደ። ጣቶቹ እስኪያብጡ ጻፈ። በፈተናው ቀን አሥራ አንድ ገጽ ሞላ፤ እውነትም ከሉሲ ተነስቶ እስከ ጥያቄው ደረሰ፤ ለጥያቄው የቀረችው ቦታ ግን የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ ነበረች። በኋላ ውጤቱን ሊያይ ሄዶ ወረቀቱን ሲያገላብጥ፣ አራሚው በአራተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም «ጥያቄው ምን ነበር?» ብሎ ጽፎ አገኘው። ከድሩ ይህን ሲያነብ አራሚው የረሳው መስሎት አዘነለት።

እንዲህ ዓይነቱን አመል ከየት አመጣው ቢባል መልሱ ቅርብ ነው፤ ከገዛ ሚስቱ ቁርስ ቤት። ሐቢባ አዋሽ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ፉልና ሻይ የምትሸጥበት ቤት አላት፤ ቤቱ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች መሰብሰቢያ ነው። እዚያ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ከመንገድ የገባ ሰው መንገዱን ሲያወራ ከተማ አይዘልም። «ጅቡቲ ጫንኩ» ብሎ የጀመረ ሰው ጋላፊን፣ ሰመራን፣ ሎጊያን፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽ አርባን በየተራ አሳልፎ ነው ሻዩ ላይ የሚደርሰው። አንዷን የዘለለ እንደሆነ፣ ፍቅረሰላም የሚባለው አንደበተ ርቱዕ ሹፌር ጠረጴዛውን ይመታና «ገዋኔን የት ጣልካት? ተመለስ!» ይለዋል፤ ሰውየውም ብርጭቆውን አስቀምጦ ይመለሳል። ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የተዘለለችው ከተማ አጠገብ ጎርፍ አስፋልቱን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ሰሚው ደግሞ ነገ በዚያው ያልፋል። ከድሩ በዚህ ወግ ሠላሳ ዓመት ኖሯል፤ ታሪክንም የሚያወራው እንደዚሁ፣ ከተማ ሳይዘል ነበር።

የተወለደው ከባቲ አለፍ ብሎ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ አባቱ ዓይናቸውን ታመሙና ትምህርቱን ትቶ ወደ ቆላው ወረደ። ረዳት ሆነ፣ ጎማ ሲቀይር ኖረ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ሐቢባን አገባ፣ ሦስት ሴት ልጆች ወለደ። አርባ ሲሞላው በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ጓደኞቹ «ምን ልትሆን ነው፣ ሚኒስትር?» እያሉ ቀለዱበት፤ እሱ ግን መማሩ ራሱ ይጥመው ነበር። በመኪናው ወንበር ስር ሁልጊዜ አንድ ደብተር አይጠፋም። ቀጥሎ በአንድ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ ማኔጅመንት ተመዘገበ። ሒሳቡንም፣ አስተዳደሩንም፣ እንግሊዝኛውንም እንደምንም አለፈ። ኮሌጁ በአማርኛ እንዲጻፍ የፈቀደው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ እሱም የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ። የሚገርመው ከድሩ ያልቻለው ይህንኑ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። የአዳማው ሐኪም የወገቡን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ «ዲስክህ ተንሸራቷል፤ ሌላ ሁለት ዓመት ከነዳህ በገዛ እግርህ አትሄድም» ብሎታል። የሚነዳለት የጭነት ድርጅት ባለቤት አቶ ረዲ ደግሞ ሰው ያከብራሉ። አዋሽ ግቢያቸው ውስጥ የስምሪት ኃላፊው ጡረታ ሊወጣ ነው። «ቦታው ያንተ ነው ከድሩ፤ ከአንተ የተሻለ መንገዱን የሚያውቅ የለም። ግን ትራንስፖርት ቢሮ ዲግሪውን ይጠይቀኛል። እስከ ሐምሌ አንድ እጠብቅሃለሁ» አሉት። ለዲግሪው የቀረው አንድ ትምህርት ነው፤ ታሪክ። የኮሌጁ ደንብ ደግሞ በአንድ ትምህርት ሦስት ጊዜ የወደቀን ያሰናብታል።

ሐቢባ ይህን ሁሉ የሰማችው ምድጃው ላይ ሆና ነው። የፉሉን ድስት አማሰለች። ከተጋቡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከድሩ በወር ቤቱ የሚያድረው አምስት ቀን ቢሆን ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ጋላፊ ሰልፍ ላይ ነበር፤ ሁለተኛዋ ስትወለድ ሚሌ፤ ሦስተኛዋ ስትወለድ ጎማ ፈንድቶበት ገዋኔ በረሃ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሐቢባ አንድ ቀን እንኳ አልተማረረችም። የዚያን ቀን ግን ድስቱን እያማሰለች እንባዋ ጠብ አለ፤ ከድሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ያ እንባ ግን ልቡ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሳምንት መምህርት አስረሳችን ፍለጋ ሄደ። አስረሳች አዋሽ ላይ ታሪክ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የርቀት ተማሪዎችን ታግዛለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ስትስቅ ግን ክፍሉን ትሞላዋለች። ከድሩን ትወደዋለች፤ ያናድዳታልም።

«ጋሽ ከድሩ፣ መልሱን መጀመሪያ ይጻፉ» ትለዋለች።

«ለአራሚው መልሱን መጀመሪያ ከነገርኩትማ ቲቸር፣ ሌላውን ለምን ብሎ ያነብልኛል?»

«ያነባል! ሥራው ነው!»

«ሥራው ቢሆንም ልቡ መሳብ አለበት። ጨዋታ መጨረሻው ከታወቀ ማን ይሰማል?»

አስረሳች እጇን ግንባሯ ላይ ታደርጋለች። ሌላ ጥያቄ ትሰጠዋለች፤ ከድሩ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ስታነሳው ሉሲ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች። አንድ ቅዳሜ «ሉሲን ከዚህ በኋላ ከነካሃት፣ በእግዚአብሔር፣ ከክፍል አስወጣሃለሁ!» ብላ «እርስዎ» ማለቱን ረስታ ጮኸችበት። ከድሩ በሚቀጥለው ሳምንት ከአክሱም ጀመረ።

ፈተናው ግንቦት ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሰመራ ላይ ሆነ። ከድሩ ሐሙስ ዕለት ከአዳማ ቦሎቄ ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ስለነበር፣ አቶ ረዲ ሰመራ ላይ አንድ ቀን አድሮ እንዲፈተን ፈቀዱለት። አርብ ጠዋት አዋሽ ላይ መኪናውን ሊያስነሳ ሲል አስረሳች ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች። ዱብቲ ሆስፒታል ነርስ የሆነች እህት አለቻት፤ ልትጠይቃት ቲኬት ቆርጣ አውቶቡሱ ጥሏት ሄዷል።

«ይጭኑኛል ጋሽ ከድሩ?»

«ቲቸር! መኪናዬ ዛሬ ተባረከች!» ብሎ ወርዶ በሩን ከፈተላት።

አዋሽ አርባን እንዳለፉ አስረሳች ሥራ ጀመረች። እጇን ከመስኮቱ አውጥታ ነፋሱን እየቀዘፈች «በቃል እንለማመድ» አለች። «ጥያቄ፦ የዱብቲ የጥጥ እርሻ ለአካባቢው ምን ለውጥ አመጣ?»

ከድሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ጥጥ በጥንት ዘመን…» ብሎ ጀመረ። የመልካ ወረርን መገንጠያ አለፉ፤ ጥጡ ገና ግብፅ ነው። ግመሎች መንገዱን ሞልተው ሲሻገሩ ቆሙ፤ ጥጡ ቀይ ባሕር ላይ ደረሰ። ገዋኔ ገብተው ሻይ ሲጠጡ ከድሩ ገና አዱሊስ ወደብ ላይ መርከብ እያራገፈ ነበር። አስረሳች መጀመሪያ ሳቀች፣ በመጨረሻ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ደግ ሰው ነገ ሊወድቅ ነው ብላ አዘነች። ከድሩም ዓይኗን የጨፈነችበት ምክንያት ገባው፤ ወሬውን አቋርጦ መንገዱ ላይ አተኮረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ስንት ዳገትና ቁልቁለት ያላንበረከከውን ሰው አንድ ወረቀት አንበረከከው።

ሚሌ ኬላ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ነበር። ተራቸው ሲደርስ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ ተቆጣጣሪ ወደ መስኮቱ ቀረበ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን ጫንክ?»

«ቦሎቄ። አራት መቶ ኩንታል። ከአዳማ ጅቡቲ» አለ ከድሩ።

«ማስረጃ?»

«የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ይኸው። የሚዛኑ ወረቀት ይኸው፤ ክብደቱ ከዲክላራሲዮኑ ጋር አንድ ነው።» ሰውየው ወረቀቶቹን ሲያይ ከድሩ ቀጠለ፤ «አንድ ነገር ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ከኋላ በግራ በኩል ሸራው ተቀዷል። መተሐራ ላይ የግራር ቅርንጫፍ ነው የቀደደው። አዋሽ ላይ አስመዝግቤዋለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው። ጭነቱ ግን አልተነካም፤ የተመዘነው ከተቀደደ በኋላ ነው።»

ተቆጣጣሪው ወደ ኋላ ሄዶ ሸራውን አየ፤ ተመለሰና ወረቀቶቹን ሰጠው። «ሂድ» አለ። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

አስረሳች ዓይኗ ፈጦ ቀረ። መኪናው ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ በሁለት እጇ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ አላቆም አላት። ከድሩ ግራ ገባው።

«ምን አጠፋሁ ቲቸር?»

«ጋሽ ከድሩ፣ ለምን ከአዳማ ጀምረው አልነገሩትም? ቦሎቄው መቼ እንደተዘራ፣ ማን እንዳረመው፣ ወለንጪቲ ላይ ምን እንዳጋጠመዎት?»

«ኬላ ላይ? ያስረኛላ! ከኋላዬ ስንት መኪና ነው የተሰለፈው? እሱ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው።»

«አራሚውስ? ከእርስዎ ወረቀት ኋላ ስንት ወረቀት የተሰለፈ ይመስልዎታል?»

ከድሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ዳር ይዞ መኪናውን አቆመ። የእጅ ፍሬኑን ያዘ። ፊት ለፊት ጥቁር ድንጋይ የለበሰው ሜዳ በሙቀት ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ግን የሚያየው በቀይ ቀለም የተጻፈውን «ጥያቄው ምን ነበር?» የሚለውን ነው። አራሚው አልረሳም ነበር ለካ። «ምን ጫንክ?» ብሎ ነበር የጠየቀው፤ እሱ ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ስለ መንገዱ ሲያጫውተው ኖረ።

«ያ አላህ!» አለ ቀስ ብሎ። «ያን አራሚ እኮ ኬላው ላይ አቁሜ ሁለት ጊዜ ነው ያደከምኩት።»

«ሸራው መቀደዱን ለምን ሳይጠይቅዎት ነገሩት?» አለች አስረሳች፤ አሁን ሳቋን ትታለች።

«ራሱ ካገኘው ሌላውንም አያምነኝማ።»

«በቃ። ጽሑፍ ላይም ከእርስዎ ሐሳብ በተቃራኒ ያለውን ነገር ቀድመው እርስዎ ያንሱት። አይደብቁት። ለምን መልስዎን እንደማያፈርሰው ያሳዩት። አንድ ነገር ካሉ ደግሞ ወረቀቱን ያቅርቡ፤ መቼ፣ የት፣ በምን ይታወቃል? ወረቀት የሌለው ወሬ ሁሉ ኬላ አያልፍም።»

«ያየሁት ነገርስ? በዓይኔ ያየሁት?»

«መቼና የት እንዳዩት ከጻፉ እሱም ወረቀት ነው።»

ከሚሌ እስከ ሎጊያ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን አጭር ሆኖ አያውቅም። አስረሳች ድምፅዋን እንደ ተቆጣጣሪ አወፍራ «ምን ጫንክ?» ትለዋለች፤ ከድሩ በአንድ ትንፋሽ መልሱን ይሰጣታል። «ማስረጃ?» ትለዋለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ያቀርባል። «የተቀደደ ሸራ አለህ?» ትለዋለች፤ እየሳቀ ያወጣዋል። አንዳንዴ ይስታል፤ «እንግዲህ በጥንት ዘመን…» ሲል አስረሳች በእጇ ዳሽቦርዱን ትመታና «ወደ ዳር ያዝ!» ትላለች። ሎጊያ ደርሰው የፍየል ጥብስ ሲበሉ ሁለቱም ድምፃቸው ዘግቶ ነበር። አስረሳች የዱብቲ ሚኒባስ ላይ ከመሳፈሯ በፊት እጁን ጨብጣ «ነገ አንድ ነገር ብቻ ያስቡ፤ የሚያነበው ሰው ቸኩሏል» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት የሰመራ ፀሐይ በሁለት ሰዓት ሥራዋን ጨርሳ ነበር። የፈተናው አዳራሽ ውስጥ ቬንትሌተሩ ሞቃቱን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ከድሩ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ወንበሩ ወገቡን ወጋው። ቢስሚላህ ብሎ ወረቀቱን ገለበጠ። ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት።

የመጀመሪያው «ለአዋሽ ሸለቆ ከተሞች መቆርቆርና ማደግ የባቡር ሐዲዱና የመኪናው መንገድ ያበረከቱትን አነጻጽር፤ የትኛው ይበልጣል?» ይላል። ከድሩ ደሙ ሞቀ። ይህ ምን ጥያቄ አለው! መንገዱ ነዋ! እጁ ሊሮጥ ሲል ግን ያዘው። ሠላሳ ዓመት የኖረበትን መንገድ ስለወደደ ብቻ ባቡሩን ሊደብቀው ነው፤ የተቀደደ ሸራ ማለት ይኸው። በረቂቅ ወረቀቱ ላይ ለሁለቱም ማስረጃቸውን ጻፈና አያቸው። አሥር ደቂቃ መልስ ወረቀቱ ላይ ምንም ሳይጽፍ ተቀመጠ፤ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሲሞነጫጭሩ የእሱ ንጹሕ ወረቀት አስፈራው።

ከዚያ ጻፈ። «አዋሽን የወለዳት ባቡሩ ነው፤ የሸለቆውን ከተሞች ያሳደገውና ያቆየው ግን የመኪናው መንገድ ነው።» የመጀመሪያው መስመር ይኸው ነበር። ቀጥሎ ማስረጃ በማስረጃ ሄደ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አዋሽን አቋርጦ ነው፤ ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ይህን ለባቡሩ ሳይነፍገው ሰጠው። ዱብቲን ደግሞ ባቡርም መንገድም ሳይሆን በ1950ዎቹ የተስፋፋው ጥጥ እንዳሳደጋት ጻፈ። ነገር ግን ባቡሩ ያልደረሰባቸው ሎጊያና ሰመራ የቆሙት በመኪናው መንገድ ላይ ነው። የድሮው ባቡር አገልግሎቱን ካቆመ በኋላም አዋሽ አልሞተችም፤ ቁርስ ቤቶቿ፣ ጋራዦቿና አልጋ ቤቶቿ በመንገዱ በዙ። ይህን መቼና የት እንዳየው ጻፈ። በሁለት ገጽ ተኩል ጨረሰ። ሲያነበው የሌላ ሰው ጽሑፍ መሰለው፤ ደስ አለው።

ደስታው ግን አሳሳተው። ሁለተኛው ጥያቄ የአዋሽ ወንዝ ለመስኖ መዋሉ በአርብቶ አደሩ ሕይወት ላይ ያስከተለውን ውጤት መዝን የሚል ነበር። ወንዝ! ከድሩ ወንዝ ይወዳል። እጁ ሳያስፈቅደው ተነሳ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካሉ ከፍታዎች ይነሳል፤ በበቾ ሜዳ ያልፋል፤ ቆቃ ይገባል… ከተማ ሳይዘል ወረደ። አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ቆቃ ሐይቅ ላይ ሲደርስ ፈታኙ «ሠላሳ ደቂቃ ቀርቷል» አለ።

ከድሩ እስክሪብቶው እጁ ላይ ደረቀ። የጻፈውን አየው። ቆንጆ ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። ጥያቄውን ግን አንድ ቃል አልመለሰም። ሐቢባ ፊቱ ላይ መጣችበት፤ ድስቱን ስታማስል። ይህን ገጽ መሰረዝ በቀጭን ድልድይ ላይ ተሳቢ ወደ ኋላ የመመለስ ያህል ከበደው፤ ላቡ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ማስመሪያውን አነሳና ከላይ እስከ ታች ሰረዘው። እየሰረዘ እያለ፣ ያ ሁሉ ውኃ ሲሄድ፣ ደረቱ ቀለለው።

«መስኖው ለአገሪቱ ጥጥና ሥራ አመጣ፤ ለአርብቶ አደሩ ግን በበጋ ከብቱን የሚያሸሽበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጠበበበት፤ ሚዛኑ ወደ ጉዳቱ ያደላል» ብሎ ጻፈ። በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ማስረጃ አሰለፈ። ሥራ ያገኙትን አልካደም፤ በሽታና ድርቅ ሲመጣ ግን መሸሻ የጠፋባቸውን ጻፈ። የመጨረሻውን ነጥብ ሲያስቀምጥ ፈታኙ እጁን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ነበር።

አንድ ወር አለፈ። ከድሩ ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ተመላለሰ፤ ወገቡ አንድ ጊዜ ያዘውና ሰመራ ላይ ሦስት ቀን ተኛ። ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን ጋላፊ ላይ ሰልፍ ይዞ በመኪናው ጥላ ስር ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሐቢባ ናት።

«ከድሩ፣ ዛሬ ጠዋት ሱብሂን ሰግጄ ፉሉን ጣድኩ» አለች እያለከለከች። «ከዚያ ቲቸር አስረሳች መጣች። ውጤት እዚሁ አዋሽ ተለጥፏል አለችኝ። ሻሼን እንኳ በቅጡ ሳላስር ወጣሁ። መንገድ ላይ ፍቅረሰላምን አገኘሁት፣ የት ነው ሲለኝ…»

«ሐቢባ! በአላህ! ምን ጫንሽ?»

«ምን?»

«መልሱን! መልሱን መጀመሪያ ንገሪኝ!»

«አለፍክ! ቢ አምጥተሃል! ወላሂ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ከኋላዋ የብዙ ወንዶች ጩኸትና የጠረጴዛ ድብደባ ተሰማ፤ ቁርስ ቤቱ በአንድ እግሩ ቆሟል። ከድሩ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ጎማው ላይ ተደግፎ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አጠገቡ የነበረ አንድ ሹፌር ሰው የሞተበት መስሎት ውኃ ይዞ ሮጠ።

አቶ ረዲ ቃላቸውን ጠበቁ። ሐምሌ አንድ ቀን ከድሩ ተጣጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ግቢው ውስጥ በሰፊው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። መኪኖቹን አንድ በአንድ አሰማራ፤ ሹፌሮቹ እየገቡ «ሚኒስትር! ሚኒስትር!» እያሉ አቀፉት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የጠረጴዛውን መሳቢያ ቆልፎ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ቤቱ በእግሩ የሄደበትን ቀን አያስታውስም። ሐቢባም ቁርስ ቤቱን በጊዜ ዘግታ ራት አቀረበች፤ አምስቱም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ተሳሳቁ፤ ማን ምን እንደተናገረ የሚያስታውስ የለም።

ራት ሲያበቃ የሰባት ዓመቷ ትንሿ ልጃቸው ኸሊዳ ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የአባቷን የመንገድ ቦርሳ በሁለት እጇ እየጎተተች ነው። በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ፎጣህንና ሳሙናህን ከትቼልሃለሁ» አለች። «ጫማህን ረስቼ ነበር፤ እሱንም ከተትኩት።»

ሐቢባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትልልቆቹ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ከድሩ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለና ቦርሳውን ከፈተው። ፎጣውን አውጥቶ ትከሻው ላይ ጣለ። ሳሙናውን ለሐቢባ ሰጣት። ጫማዎቹን አውጥቶ አልጋው ስር፣ ከሐቢባና ከልጆቹ ጫማ ጎን ደረደራቸው።

«አባ፣ ታዲያ ነገ በምን ትሄዳለህ?»

«ነገ ቢሮ እሄድና ማታ እመጣለሁ።»

ኸሊዳ ጥቂት አሰበች። «ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም ማታ እመጣለሁ።»

«ከዚያ ቀጥሎስ?»

«ማታ እመጣለሁ የኔ እናት» አለ ከድሩ። ልጅቷ ባዶውን ቦርሳ አየችው፣ አባቷን አየችው፤ ከዚያ እየሮጠች ሄዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።